ስንት በርጩማ ነው?

አባቴ በብር አያስብም፤ ብር እሱ ዘንድ አይቆይም፤
ዋጋ ነግረኸው በበርጩማ ካልመነዘረው አይገባውም።
ዘይት ሁለት በርጩማ ነው፤ የቤት ኪራይ ዘጠኝ፤
"የእህትሽ ሠርግ" ይለኛል፣ "ከነድንኳኑ መቶ አስጠረበኝ።"

እናም አዲስ አበባ ደውዬ፣ ማገገሚያውን ጠይቄ፣
"በወር አርባ ሺህ፤ መድኃኒት ለብቻ" ስለው ተሳቅቄ፣
መሮውን አስቀመጠ። ሰጋቱራው ላይ በጣቱ ጻፈ፤
አካፈለ፤ በመዳፉ አጠፋ፤ እንደገና ጻፈ።
"ሰማንያ" አለ፤ "ሦስት ወር ነው ያሉሽ?"
ዝም አልኩት።
ዝምታዬን በሦስት ሲያባዛው በዓይኔ አየሁት።
"ሁለት መቶ አርባ በርጩማ!
ማን ይቀመጥበታል? ሙሉ ጅማ?"

ሹክሪ ጓሮ ነበር፤ ይሰማል። ክንዱን ያክካል እስኪደማ።
በጫት ጀመረ፤ ለጨብሲ አረቄ፤ ከዚያ ትራማዶል፣ ፍሬ በፍሬ፣
በካልሲው፣ በትራሱ ስፌት። ባጃጁን ከበላት ዓመት ሆነው ዛሬ።
ወንድሜ ነው። ሰርቆኛል። ሁለቱንም አልክድም፤
ሐብሌን ከመርካቶ መልሼ ስገዛ ማን እንደሸጠው አልጠይቅም።

ጎረቤት መች ምክር ያጣል? አንዷ ጸበል ትላለች፤
አንዱ ሼህ ይጠቁማል፤ ሌላዋ "ዳሩት" አለች።
የአክስቴ ባል ሰንሰለት ይዞ መጣ፣ ቁልፉ ገና አዲስ፤
አባቴ አገላብጦ አየና፣ "በስንት ገዛኸው?" አለው፤
"ደረሰኝ ካለህ፣ ሄደህ መልስ።"

እኔ ወረቀት ይዤ ዞርኩ። ቀበሌ፦ "ማህተም ያዡ የለም፤"
ማክሰኞ፦ "መብራት የለም፤" ሐሙስ፦ "የጤና መድን ደብተርሽ አልታደሰም።"
አደስኩ። ከአጂፕ በእግሬ ወጣሁ፣ የባጃጁ ለካርድ ይሁን ብዬ፣
ዝናቡ ደብተሩን እንዳያገኘው በሻርፔ ጠቅልዬ።

የአእምሮ ክፍሉ በር ላይ ሲስተር ጥሩዓለም፣ መነጽሯ በክር የታሰረ፣
"እዚህ ይታከማል" አለች፤ ዋጋ ልጠይቅ ስል ምላሴ ታሰረ።
"ስንት ነው?" አልኩ በመጨረሻ፣ የሌባ ድምፅ አውጥቼ።
"ደብተሩ ካለሽ? የካርዱ ብቻ።"
ግድግዳውን ተደግፌ ቀረሁ፣ እግሬን አጥቼ።
በሆዴ አካፈልኩ፦ አንድ በርጩማ አይሞላም፤ አንድ እግሩን ነው።
"አልጋው ግን ስድስት ብቻ ነው" አለች፤ "ተራ አለ። ስልክሽ ስንት ነው?"

አሥራ ሰባት ቀን ጠበቅን። በተደወለ ዕለት ሹክሪ የለም።
ጫት ተራ፣ ቆጪ፣ መናኸሪያ፤ ያየው ሰው አልተገኘም።
አዌቱ ድልድይ ሥር ነበር፣ ከንፈሩ ደርቆ፣ ዓይኑ ጎድጉዶ፤
አባቴ አልለመነ፣ አልተቆጣ፤ አጠገቡ ወርዶ፣
"ተነስ" አለው፤ "ግንድ ማራገፍ አለብኝ፤ ብቻዬን አልችልም።"
ግንድ እንዳልመጣ ሹክሪ ያውቅ ነበር። ተነሳ። ምንም አላለም።

ክፍሉ ለአስታማሚ ወንበር የለውም፤ አባቴ ከቤት አመጣ፣
ሹክሪ በአሥራ አንድ ዓመቱ የጠረበውን፣ አንድ እግሩ አጥሮ ገዢ ያጣ።
ስምንት ቀን ላብ፣ ትውከት፣ ስድብ፤ የሞተች እናታችንን ሰደበ፤
በዘጠነኛው፣ አባቴ ወደ ግራ አዘንብሎ እንደተቀመጠ ታዘበ።
"ይሄ ነገር እስከዛሬ አልነደደም?"
"ባለ ሦስት እግር አይናጥም፤
ያዘነብላል እንጂ" አለ አባቴ። "ደግሞ እንጨት በዚህ ዋጋ አይነድም።"

መሮ አይገባም አሉ፤ የብርጭቆ ወረቀት ተፈቀደ፤
እጁ እየተንቀጠቀጠ ሁለቱን ረጃጅም እግሮች መፋቅ ለመደ።
በዚህ አያያዝ ስንት ወር? ደብተሩ ይታደሳል፤ ደግሞ ሰልፍ፤
ሲወጣስ? ከግቢው ማዶ ጫት ተዘርግቷል በየደጃፍ።

አንሶላው ላይ የዋንዛ ብናኝ። ሲስተር አይታ ተቆጣች፤
"ይሄ ሆስፒታል ነው፣ የእንጨት ቤት?" ብላ መጥረጊያ ፍለጋ ወጣች።
አባቴ ጣቱን ብናኙ ላይ አሳረፈ። ቁጥሩን ጠበቅኩት።
ምንም አልጻፈም።
እንደዚያው፣ ጣቱ ብናኙ ላይ እንዳለ፣ ተውኩት።